መርሐባ ድንኳን ማለፍ ተማረ

«ፈረሱስ?» አሉ ሼህ መሀመድአሚን፣ ዱዓቸውን ጨርሰው እጃቸውን ፊታቸው ላይ ካሳረፉ በኋላ።

ዙሌይካ ይህን ጥያቄ በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማችው ቆጥራ አትጨርሰውም። ለቀስተኛው ሁሉ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ይላታል፣ ጥቂት አንገቱን ይደፋል፣ ቀጥሎ ግቢው ጥግ ወዳለው ባዶ ጋጣ አሻግሮ ያያል። ባሏ ባለጋሪው ካሚል ሞቶ ፈረሱ መርሐባ ከለቅሶው መታጣቱ፣ ለአዋሽ ሰው የበኩር ልጅ ከአባቱ ቀብር እንደ መቅረት ነበር።

«ሰመራ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ሰመራ ምን ይሠራል?»

«ይማራል።»

ሼሁ መልሱን ሰምተው ባዶውን ጋጣ ደግመው አዩ። ጎረቤቷ ሀምዳ ግን ዝምታ አይሆንላትም። «እኔ ልጄን ዩኒቨርሲቲ ሰመራ ሲመድቡት ሙቀቱን ፈርቼ ሳምንት አለቀስኩ። የዚች ፈረስ ያለ ማትሪክ ገባላት!»

ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ። ዙሌይካም ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ሳይወጣ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

ካሚል ከወሎ ወርዶ በአዋሽ ሠላሳ ዓመት ጋሪ ሲነዳ፣ የለቅሶ ድንኳን አይቶ አልፎ አያውቅም። የሟቹን ስም አያውቅ፣ ሃይማኖቱን አይጠይቅ፤ ጋሪውን አቁሞ ይገባል፣ አብሮ ይተክዛል። ሲወጣ ከጋሪው ላይ የማትለይ የቆርቆሮ ኩባያውን በማንኪያ ሦስት ጊዜ ይመታል። ሻይ ይቀዳለታል፣ አራት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል። መርሐባ ቀድሞ ይጠጣል። ግማሽ ሲደርስ ካሚል ኩባያውን ይነጥቀውና «ይበቃሃል፣ ለእኔም አትርፍ» ብሎ የቀረውን ይጠጣል።

«ከፈረስ ጋር በአንድ ኩባያ!» ትል ነበር ዙሌይካ፣ እየዘገነናት። ያችን ኩባያ ከሌላው ዕቃ ጋር አታጥባትም፤ ማታ ማታ ከግቢው በር አጠገብ ካለ ምስማር ላይ ነበር የምትሰቀለው።

መርሐባ ውሎ አድሮ ከጌታው ባሰ። ካሚል ቢቸኩልም እንኳ ድንኳን ካየ ቀጥ ይላል፤ ሻዩን ሳይቀምስ ንቅንቅ የለም። ምጥ የያዛት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስድ ሳይቀር አንድ ለቅሶ ደጅ ተገተረ። ልጁ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተወለደ፤ ለቅሶውም በእልልታ ተፈታ። ካሚል ይህን ወሬ ለሳምንት ሲያወራው ዙሌይካ በኀፍረት ደጅ መውጣት ተሳናት። ከዚያ በኋላ ነው ሰመራ ልጁ ዘንድ የሚኖረውን ጡረተኛ ፈረሰኛ ፖሊስ ጥጋቡን አፈላልጋ፣ መርሐባን በባዶ ተመላሽ አይሱዙ ጭና የላከችው። «ድንኳን ማለፍ አስተምርልኝ» ነበር ትእዛዟ።

ፈረሱ ሲጫን ካሚል ኩባያውን ይዞ ቆሞ ነበር።

«ዙሌይካ፣ ሰው ሲያዝን አይቶ የሚቆም ፈረስ ምን ይጎድለዋል?»

«ጭንቅላት» አለችው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ለጥጋቡ እየደወለ «እስቲ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ» ይል ነበር። በመጨረሻው ቀን ለቅሶ ሊደርስ በጠራራ ፀሐይ በእግሩ ሄዶ ተመለሰ፣ ጋጣው ደጃፍ ተቀመጠ፣ እዚያው ቀረ። ሐኪሙ «ደም ግፊት ነው» አለ። ዙሌይካ ግን «እኔ ነኝ» አለች፣ ለማንም ሳትናገር። አሁን አንድ ነገር ብቻ ትመኛለች፦ መርሐባ መጥቶ እዚህ ድንኳን ደጅ ይቁምለት። ለጥጋቡ ደግሞ የሚነግረው የለም፤ የእሱ ቁጥር ያለው በካሚል ስልክ ውስጥ ብቻ ነው፣ ስልኩም ከባለቤቱ ጋር ተዘግቷል፤ መክፈቻውን የሚያውቅ የለም።

የአስር ሶላት ተሰግዶ ሰዉ ሲቀመጥ የኮቴ ድምፅ ተሰማ።

«መጣ!» አለች ሀምዳ ብድግ ብላ። «መርዶ ሰምቶ ከሰመራ መጣ!»

ከበሩ ውጭ መንገዱ ዳር የተተከለው ድንኳን በሙሉ ተነሣ። ዙሌይካ ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ዒዳ ላይ ናትና ከግቢዋ አትወጣም፤ በሩን ይዛ ቆመች። ጥጋቡ ትምህርቱን አስጨርሶ፣ መርሐባን አስፋልቱ ላይ ከአይሱዙ አውርዶ፣ አሮጌ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጦበታል። ድንኳኑን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ፈተናው ራሱ መንገድ ላይ ወጥቶ ጠበቀው።

መርሐባ አንገቱን ሳያዞር፣ ሶምሶማውን ሳያጓድል አለፈ።

«አየሽልኝ እትዬ ዙሌይካ!» ጮኸ ጥጋቡ። «ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም! ካሚልን ጥሪው፣ ይይልኝ!»

ሼሁ ወደ መንገዱ ወጣ አሉ። «ልጄ፣ ድንኳኑ የካሚል ነው» አሉት።

ጥጋቡ ባርኔጣውን አወለቀ። «ቁም! መርሐባ፣ ቁም!» እያለ ልጓሙን ሳበ። መርሐባ ግን ተማሪ ነው፤ ድንኳን ሲያይ ማንም ቢለምነው እንዳይቆም የተማረውን በሦስት ቃል የሚረሳ አይደለም። አስተማሪውን ተሸክሞ ወደ መንገዱ መታጠፊያ ገሰገሰ።

«የገዛ እጄ ሥራ!» አለች ዙሌይካ። ሮጣ እንዳትከተለው ዒዳው ያዛት። ዞር ስትል ምስማሩ ላይ ያለችውን ኩባያ አየች። አወረደቻት፣ ማንኪያ አነሣች፣ ሦስት ጊዜ መታች።

መርሐባ ቀጥ አለ። ጆሮውን አቆመ፣ ዞረ፣ ጥጋቡን እንደተሸከመ ተመለሰ። ሰዉ ምንጣፉን እየጠቀለለ መንገድ ለቀቀለት። ድንኳኑን ዐልፎ በሩ ላይ ሲደርስ ትከሻዋን አሸተተ፣ ከኋላዋ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ሁሉ ግቢውን ቃኘ።

ዙሌይካ ሻይ ቀዳች፣ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረች፣ አበርዳ ዘረጋችለት። ግማሽ ሲደርስ ነጠቀችው።

«ይበቃሃል» አለችው፣ «ለእኔም አትርፍ።»

«ወይ ጉድ! አምጪው ልጠበው» አለች ሀምዳ እጇን ዘርግታ።

ዙሌይካ ኩባያዋን በሁለት እጇ ያዘች፣ የፈረሱ ከንፈር የነካውን ጠርዝ ወደ አፏ አዞረች፣ የቀረውን እስከ አተላው ጠጣችው።