ልዕልትና የሚናገረው ጠረጴዛ

ልጄ ልዕልት ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ትምህርት ቤቷ «ማንበብ አልቻለችም፤ በባለሙያ ትታይ» የሚል ወረቀት ከላከልኝ ዓመት አልፏል። ወረቀቱን ለባለቤቴ ለሕዝቅያስ እንኳ አላሳየሁትም። እሱ አየር መንገድ ነው የሚሠራው፤ የሳምንቱን ግማሽ ናይሮቢ የለም፤ ሲመጣም «ልጅ አታጣድፊ» ከማለት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። እኔ ግን በግኜ ነበር። ልጄን ዘገምተኛ ሊሉብኝ? የእኔን፣ የመሐንዲሷን ልጅ? እንግሊዝኛው ይቆይ፣ በገዛ ቋንቋዋ ካነበበች ጭንቅላቷ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ ጠረጴዛውን ሠራሁ።

ኪሌሌሽዋ ያለው አፓርታማችን ሳሎን መሀል የቆመ፣ ልጅ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚደርስበት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ነው። ፊደል የተቀረጸባቸው ሰማንያ አራት የእንጨት ብሎኮች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ሥር አንዳንድ ቺፕ ተለጥፏል። ብሎኩን ሲያስቀምጡበት ጠረጴዛው በእኔ ድምፅ ፊደሉን ይጠራል። ፈተና ሲሆን ደግሞ አንድ ቃል ይናገርና ዝም ይላል፤ ልጁ ትክክለኞቹን ፊደሎች ፈልጎ ከደረደረ አረንጓዴ ይበራል፣ ከተሳሳተ ቀይ። እንጨቱን የቆረጠልኝ ራጃ የሚባል አናጢ ነው፤ ሦስት ጊዜ አስፈርሼው «ማዳም፣ ይሄ ለልጅ ነው ወይስ ለፕሬዚዳንት?» ብሎኛል።

ብሎኮቹ የሚቀመጡበትን ሳጥን ግን ራሴ ነኝ የነደፍኩት። ሰባት ቀዳዳ ወደ ጎን፣ አሥራ ሁለት ወደ ታች፤ ከሀ እስከ ቸ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ልክ እኔ በልጅነቴ ፊደል እንደቆጠርኩበት ገበታ። ሌላ አቀማመጥ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፤ የትኛው ሐበሻ ያስባል? ልዕልት ያነሳችውን ብሎክ ሁሉ ወዲያው ወደወጣበት ቀዳዳ እንድትመልስ አስለመድኳት። በእኔ ቤት ዕቃ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ሦስት ወር ሳይሞላ ልጄ አነበበች። ጠረጴዛው «ላም» ሲል አረንጓዴ፣ «በሬ» ሲል አረንጓዴ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።

ኤልሳቤት ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት ናት፤ ጊጊሪ በሚገኝ የሕፃናት ትምህርት ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ስለ ጠረጴዛው ስነግራት «አንድ ልጅ፣ ዐሥር ቃል፣ ያለ ወላጅ እርዳታ። በቪዲዮ ቀርጬ ላሳያቸው» አለችኝ። ድርጅቱ ከወደደው ለሃያ መዋዕለ ሕፃናት ያሠራል። እውነቱን ለመናገር ሃያው መዋዕለ ሕፃናት ጉዳዬ አልነበረም። እኔ የፈለግኩት ቪዲዮውን ነው። ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል፤ ይዤው ገብቼ ርዕሰ መምህሯ ፊት ከፍቼ «ማን ናት የማታነበው?» ልላት ነበር።

ኤልሳቤት ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ልዕልትን ፀጉሯን ሹሩባ አሠርቼ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሼ ጠረጴዛው ፊት አስቀምጫታለሁ። ልጅቷ እጇን ጭኗ ሥር ከታለች። ኤልሳቤት ስልኳን ይዛ ወዲህ ወዲያ አለችና «ሚዛንዬ፣ ሳጥኑ ይከልለኛል፤ ብሎኮቹ እንዲታዩ ምንጣፉ ላይ ልዘርግፋቸው?» አለችኝ።

«ዘርግፊያቸው» አልኩ። ምን ቸገረኝ።

ሰማንያ አራቱም ምንጣፉ ላይ ተበተኑ። ጠረጴዛው በእኔ ድምፅ «ቤት» አለ።

ልዕልት አልተንቀሳቀሰችም። ከንፈሯ ብቻ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ» እያለ ይንሾካሾካል፤ ጣቷ አየር ላይ አምስት ቆጠረና ቆመ። ከዚያ ባዶውን ሳጥን አየችው። አንድ ብሎክ አነሳች፤ ሸ ነበር። ዓይኗ ብሎኩ ላይ አልነበረም፤ ፊቴ ላይ ነበር። ምንጣፉ ላይ መለሰችው። ሌላ አነሳች፤ አሁንም ፊቴን አየች። ሦስተኛውን ስታነሳ ግንባሬ ተፈታ መሰለኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቀይ በራ።

ያኔ ገባኝ። ልጄ አንድም ፊደል አታውቅም ነበር። የምታውቀው ቀዳዳ ነው። ቃሉን በጆሮዋ ትሰማለች፣ ከእኔ የሰማችውን ዜማ በሆዷ ትላለች፣ አሥረኛው መስመር አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ስትደርስ ብሎኩን ታነሳለች። የተቀረጸበት ሥዕል ይሁን ጭረት ግድ አልነበራትም። ሳጥኑን የሠራሁላት እኔ፣ ቦታ ቦታው መልሺ ያልኩት እኔ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ያለቀስኩት እኔ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ኤልሳቤት ስልኳን ዝቅ አደረገች። ክፉ ሴት አይደለችም። «ደክሟት ነው» አለች በዝግታ። «እኛስ እንዲሁ በዜማ አይደል የቆጠርነው? ብሎኮቹን ወደ ሳጥኑ መልሺያቸውና እንደገና እንቀርጻለን። ይሄኛውን አጠፋዋለሁ።»

አዎ ብዬ ተንበረከክኩ። ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ ሰኞን ብቻ ነው ያሰብኩት። የሀን መስመር ሞላሁ። የለን ሞላሁ። «ልዕልትዬ፣ ነይ አግዢኝ» አልኳት። ጠጋ አለች፣ አንዱን ብሎክ አነሳች፣ ገለባበጠችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ መሬት ላይ መለሰችው። የት እንደሚገባ አታውቅም። ልታግዘኝ አትችልም። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጄ አጠገቤ ተንበርክካ ልታግዘኝ አልቻለችም፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ መደርደሬን ቀጠልኩ። ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ።

የመን፣ የረን፣ የሰን። መስመር በሞላ ቁጥር የልጄ ትከሻ ዝቅ ይላል፤ ፊቷ ላይ ደም ይመለሳል። የቀን መስመር ስጨርስ ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና ኤልሳቤት እንዳትሰማ አድርጋ «ማሚ፣ ሃራካ። አንቲ ሳታየን ቶሎ በይ» አለችኝ።

ሳታየን አለችኝ። ሁለታችንን ማለቷ ነው። ስንት ወር ሙሉ ብቻዋን ይዛው የኖረችውን አሁን አብሬያት ይዤዋለሁ፤ ለዚህ ነው ትከሻዋ የቀለላት። እኔ ጓዳ ገብቼ ለሕዝቅያስ «አነበበች» እያልኩ ስደውል ይቺ ልጅ እዚህ ቁጭ ብላ ቀዳዳ ትቆጥር ነበር። ለማን ብላ? ለእኔ ብላ። እንዳይከፋኝ ብላ።

የበን መስመር ስጀምር እጄ ቆመ። «ቤ» የተጻፈበት ብሎክ መዳፌ ውስጥ ነበር።

«ኤልሲ» አልኩ፣ «አትቅረጪ። ልጄ አታነብም።»

«ሚዛንዬ፣ ቆይ እስቲ...»

«አታነብም። እንዲያ ብለሽ ጻፊው። ጠረጴዛው አልሠራም ብለሽ ጻፊ።»

ልዕልት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ፤ የተከዳ ሰው እንባ ነበር። ሚስጥራችንን አውጥቼባታለሁ። ልይዛት ስል ገፋችኝ፤ ሶፋው ጀርባ ገብታ ተወሸቀች። ኤልሳቤት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መኪናዋ ግቢውን ለቆ ሲወጣ ሰማሁ። ቪዲዮም የለኝ፣ ሰኞ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

የሞላሁትን ሳጥን መልሼ ደፋሁት። ሶፋው ጀርባ ሄጄ ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ፊቷን አዞረችብኝ፤ እኔም አላስቸገርኳትም። በኋላ መዳፌን ከፈትኩና ያንኑ የ«ቤ»ን ብሎክ አሳየኋት።

«ይሄ ማን ይባላል?» አልኳት።

ልማድ ሆኖባት ፊቴን ፈለገች። እኔ የሶፋው ጀርባ ላይ አፍጥጬ ጠበቅኩ። ሹሩባዋ ክንዴን ሲነካኝ ይሰማኛል። ብሎኩን ከእጄ ወስዳ አየችው፣ አዞረችው፣ ደግማ አየችው።

«አላውቅም» አለች። ይቺን ቃል ከአፏ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

«እሺ» አልኳት።