በሄስተር ቤት የሚያልፈው ውሃ

የኔዘርኮም መንደር ውሃ አመለኛ ነው። ስንት ዓመት ከመሬት በታች ድምፁን አጥፍቶ ይከርምና፣ ብርዱና ዝናቡ የበረታ ዓመት ከኮረብታው ሥር ፈልቶ የመንደሩን መንገድ ይዞ ይወርዳል። ሲወርድ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው የሄስተር ፓውንሰትን ቤት ነው። የዚያ ቤት የፊትና የጓሮ በር ትክክል ፊት ለፊት የሆኑት፣ የወለሉም ድንጋይ ወደ ጓሮ ያዘነበለው በከንቱ አይደለም። ውሃው ሲመጣ የቤቱ ሰው ሁለቱንም በር ወለል አድርጎ ይከፍትለታል፤ ገብቶ፣ ወለሉን አጥቦ፣ በጓሮ ወደ ሜዳው ይወጣል። ከታች ያሉት ቤቶች እግራቸው ሳይርስ ያድራሉ። መንደሩም ውለታውን አይረሳም፤ በየገናው ለዚያ ቤት የሰባ ዝይ ይሰጣል። ሄስተርም ከተዳረች ጀምሮ ዝይዋን በልታለች፣ በሯንም ከፍታለች።

ዘንድሮ ግን ባሏ ዊልፍ የሳንባ ምች ጥሎት እዚያው በሩ አጠገብ ተኝቷል። ደረጃው ጠባብ፣ ሰውየው ግንድ የሚያህል፤ ማን ፎቅ ያወጣዋል? ወንዶቹ ሁሉ በጎቹን ከሜዳው ለማሸሽ ኮረብታው ላይ ናቸው። ሐኪሙም፣ "ብርድ ከነካው አበቃ" ብሎ ነው የሄደው።

ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ ሲብስበት የጎረቤቷ የኬዛያ ልጅ ሩቢ ኮቷን ደርባ መጣች።

"እትዬ ሄስተር፣ ሮጥ ብዬ ሐኪሙን ልጥራው። ውሃው ግን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደርሷል አሉ። እማዬን ፎቅ ላውጣትና ልሂድ?"

ኬዛያ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከወንበሯ አትነሳም። ቤቷ ከሄስተር ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ ከመንገዱ ዝቅ ስለሚል ሁለት ደረጃ ተወርዶ ይገባል።

"ምን አንገላታሽ?" አለች ሄስተር። "በኔ አይደል የሚያልፈው? እከፍትለታለሁ። ይልቅ ቶሎ ድረሺልኝ።"

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ስትል ልትከፍት አስባ ነበር። ሩቢ ከሄደች በኋላ ቡናማው ውሃ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ሄዳ መቀርቀሪያውን ሳብ አደረገች። ነፋሱ ገባ። ዊልፍ ሳለ፤ ሳሉ አልቆም አለ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። በሩን መልሳ ዘጋችው። የድንች ጆንያዎቹን ጎትታ ደገፈችበት፣ ስንጥቁን በብርድ ልብስ ጠቀጠቀችው።

ኬዛያ በእሳት መቆስቆሻዋ ግድግዳውን ቆረቆረች።

"አንቺ፣ ከፈትሽ?"

"ከፍቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ጸጥ አልሽ? ሌላ ጊዜ ሲገባብሽ እርግማንሽ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይሰማ ነበር።"

"ዊልፍ ተኝቶ ነው።"

"ስብከት ላይ ሲያንኮራፋ የኖረ ሰው፣ አንቺ ብትሳደቢ ይነቃል?"

ሄስተር ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በእጇ ያዘች። የዕድሜ ልክ ወዳጇን ዋሽታለች። ውሃው በሯን ገፋ ገፋ አደረገ፣ እምቢ ሲለው ግድግዳውን ታኮ ወደ ታች ሄደ። የት እንደሚሄድ ደግሞ አሳምራ ታውቃለች።

ብዙም ሳይቆይ የመቆስቆሻው ድምፅ ተደጋገመ።

"ሄስተር፣ እኔ ጋ ገባ። ኧረ ጉልበቴ ጋ ደርሷል።"

ሄስተር ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

"ለኔ እንዲህ የተረፈ፣ አንቺ ቤትማ አልጋውን ውጦታል። ወይኔ ዊልፍ! እኔን ተዪኝ፣ እዚሁ ተቀምጫለሁ። እሱን ከፍ አድርጊው፤ ትራስ ደራርቢለት፤ ራሱን ያዢለት።"

ሄስተር ወለሉን አየች። ደረቅ ነው። ዊልፍ ላብ አልቦት፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ ከሰሞኑ ይልቅ እፎይ ብሎ ይተነፍሳል። አሁን ከከፈተች፣ በሩ ላይ የተከማቸው ውሃ በአንድ ጊዜ አልጋው ላይ ይወርዳል።

"ከፍ አድርጌዋለሁ" አለች።

"ተመስገን" አለች ኬዛያ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። "ሩቢ እስክትመጣ እጸልይላችኋለሁ።"

ሄስተር ወንበሯን ከግድግዳው አርቃ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች።