የሚርገበገቡት ፊደሎች

ሺታዬ ዓይኗ እየደከመ መምጣቱን ለማንም አልተናገረችም።

ጋምቤላ ክልል ሆና አዳዲስ ቢሮዎች ሲከፈቱ፣ ከታይፕ መኪና ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወሩት ጸሐፊዎች አንዷ እሷ ነበረች። ሥራዋን ትወዳለች። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ስክሪኑ ላይ ያሉት ፊደሎች እየደበዘዙ ይርገበገቡባት ጀመር። ኒውላንድ ሰፈር ያለው ቤቷ ስትደርስ ራሷን ያማታል፤ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። እናቷንም እንዲሁ ነበር የጀመራቸው። በመጨረሻ ልጆቻቸውን በድምፅ ብቻ የሚለዩ ሆነው ቀሩ።

ባሏ መምህር ወንዳፍራሽ "ምን ሆነሻል?" ሲላት፣ "ሙቀቱ ነው" ትለዋለች። እሱም ያምናታል።

አንድ ቀን ጠዋት ቆረጠች። መዝገብ ቤት የምትሠራውን ኛጋይን ጠራቻት። ኛጋይ ከኢታንግ የመጣች፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደች፣ ሳቂታ ወጣት ናት።

"ነይ፣ ሥራዬን ላስተምርሽ።"

"አንቺስ የት ልትሄጂ ነው፣ እትዬ?"

"የትም። ተቀመጪ ብቻ።"

ኛጋይ ተቀመጠች። ሺታዬ ከኋላ ቆማ ጣቶቿን አስተካከለችላት። ልጅቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅማ ስሟን ጻፈችና ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

"እትዬ፣ ይሄ ለምን ይንቀጠቀጣል?"

"ምኑ?"

"ስሜ ነዋ! ባሮ ወንዝ ውስጥ የወደቀ ይመስላል።"

ሺታዬ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። "አንቺም ይታይሻል?"

"ዓይን አለኝ እኮ!"

ሺታዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኛጋይ ደንግጣ ተነሥታ አቀፈቻት፤ ሺታዬም እዚያው ትከሻዋ ላይ ሆና ሁሉንም ነገረቻት፤ የእናቷን ነገር፣ ፍርሃቷን፣ ሥራውን ልትለቅ መወሰኗን።

ኛጋይ እንባዋን ጠረገችላትና "አንቺ አልታመምሽም። የታመመው ይሄ ነው፤ እናክመው" አለች።

ማብሪያ ማጥፊያውን ሞከሩ። ገመዱን ነቅለው ሰኩ። ማራገቢያውን አጠፉ፤ ላብ አጠመቃቸው እንጂ ፊደሎቹ መርገብገባቸውን አልተዉም። በመጨረሻ ስክሪኑን ሁለቱም ተሸክመው፣ ገመዱ እስከሚፈቅድ ድረስ ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ጽሑፉ ጥርት አለ። ሲመልሱት እንደገና ተርገበገበ።

"ጠረጴዛው ላይ ያለ ነገር ነው" አለች ሺታዬ።

ስክሪኑን ተጠግቶ ስታቢላይዘሩ እም ይላል። የጄኔሬተሩ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል የሚያስተካክለው ከባድ ሣጥን ነው። ቦታው መሬት ላይ ነበር፤ የክረምቱ ጎርፍ ቢሮ ሲገባ እንዳይርስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አወጡት። ኛጋይ አቅፋ አንሥታ ራቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ፊደሎቹ ወዲያው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሲያንቀጠቅጣቸው የኖረው የሣጥኑ ማግኔት ነበር።

ሺታዬ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ የኛጋይን ስም አነበበች።

"እንግዲህ ደህና ነሽ፤ እኔ ወደ ፋይሌ ልሂድ" አለች ኛጋይ።

ሺታዬ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። "ማን ሂጂ አለሽ? ገና ስምሽን ነው የጻፍሽው። አሁን የአባትሽን።"

ማታ ለወንዳፍራሽ ስትነግረው እየሳቀች ነበር። እሱ አልሳቀም። እጇን ያዘ።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ፈራሽ?"

"አንተም እንዳትፈራ ብዬ ነው።"

"ሌላ ጊዜ አብረን እንፍራ" አላት።