ፀሐይ የገባችበት አጥንት

ነጂባ የልጅ ልጇን ሚስባህን ምች እንዳይመታው ብላ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ፀሐይ አላስነካችውም። እናቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስትውል፣ እሷ በሩን ዘግታ ልጁን ጠቅልላ ትቀመጣለች። መቆም እንቢ ብሎት እግሩ ሲጎብጥ ደሴ ወሰዱት።

ሐኪሟ አጥንቱን በራጅ አይታ፣ «ቫይታሚን ዲ አጥሮታል። ጠብታ እሰጠዋለሁ፤ እናንተም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁት» አለች።

«ሰባት ያሳደግሁትን እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«የት አሳደጓቸው፣ እማማ?»

«ኩታበር፤ አዝዬ እርሻ ለእርሻ ስዞር ነዋ» አለችና ነጂባ የልጁን መጠቅለያ ከራሱ ላይ ገለጥ አደረገች።

በሦስተኛው ወር ሐኪሟ የፊቱንና የአሁኑን ራጅ መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ያዘችላቸው። ፊደል የማትለየው ነጂባ ይህን ግን ለየችው። የፊቱ የአጥንት ጫፍ እንዳለቀ ጨርቅ ተተርትሯል፤ የአሁኑ ጥርት ያለ ነጭ መስመር ይዟል። ልጁን የደበቀችባት ፀሐይ ቆዳውን አልፋ፣ ከጠብታው ጋር እዚያ ድረስ ስትሠራ ሰንብታለች።

«ሱብሃነላህ» አለች ቀስ ብላ። ዓይኗን ሳትነቅል ቆየችና እጇን ዘረጋች።

«እነዚህን ሁለት ራጆች ስጭኝ። ሰፈራችን በር የሚዘጉ አሮጊቶች ሞልተዋል፤ እንደኔው ደረቆች ናቸው፣ በወሬ አያምኑም።»