የቸገረን በረድ ነው

ሚያዝያ ነው። የሽንፋ ፀሐይ ገና በጠዋቱ ሰው ልትጠብስ ተነስታለች። እንዲያም ሆኖ ከከተማው ወጣ ባለው የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ የተሰለፉት አርባ ልጆች ሹራብ ለብሰዋል። ወፍራም የሱፍ ሹራብ፣ ያውም አንገቱ እስከ ጆሮ የሚደርስ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው።

ሹራቡን ያመጡት ከጎንደር በአውቶብስ ሊጠይቋቸው የመጡ የከተማ ተማሪዎች ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ በእጃቸው ሲሠሩት ከርመዋል። እነሱ በደስታ ያጨበጭባሉ፤ ባለአገሮቹ ደግሞ እንግዳ ላለማስቀየም እየሳቁ ይቀቀላሉ።

የስድስተኛ ክፍሏን አየሁሽን ግን ከሹራቡ ይልቅ ያላባት ጭንቀት ነበር። ደብዳቤውን የጻፈችው እሷ ናታ! ጎንደሮቹ «ምን ቸገራችሁ?» ብለው የላኩ ጊዜ መምህርት ዝናሽ «ፊደል የማትስት» ብለው ብዕሩን የሰጡት ለእሷ ነበር። እሷም ክፍሉ በአንድ ድምፅ የጮኸውን ጻፈች፤ «እኛን የቸገረን በረድ ነው።» እነሱ በረዶን በረድ ነው የሚሉት፤ ቸገረን ማለታቸውም አጣን ነው። ገበያ ወጥተው አንዲት ስባሪ በረድ ከርከዴ በሚሉት ቀይ መጠጥ ውስጥ ጥለው የጠጡ እንደሆነ፣ ሳምንቱን ሙሉ ወሬው እሱ ነው።

«አንቺ!» አሉ መምህርት ዝናሽ በጆሮዋ፣ ሻሻቸው በላብ ርሶ። «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«በረድ ነዋ፣ ቲቸር!»

«ታዲያ ይሄ የሱፍ ክምር ከየት መጣ? ብርድ ብለሽ ነው እንጂ! ‹የቸገረን ብርድ ነው!› ጉድ ሠራሽኝ። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ብዕሩን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

አየሁሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያ ብዕር እኮ ክብሯ ነው! የሰፈሩ ገበሬ ሁሉ ማመልከቻ የሚያጽፈው እሷን ነው፤ አባቷም በየደረሰበት የሚኮራው በዚሁ ነው። ፊደል ሳተች ከተባለ አለቀላት። አለመሳሳቷን ታውቃለች፤ ግን ሙቀቱ ሰውን ራሱን ያስጠረጥረዋል። ስቼ ይሆን እንዴ?

ከጎንደሮቹ ጋር የመጣው የአማርኛ መምህር አለምሰገድ ጉሮሮውን ጠርጎ ንግግር ጀመረ። «ልጆች፣ የበረሃ ሌሊት እንደሚበርድ በመጽሐፍ አንብበን ነበር። ችግሩ የቱን ያህል እንደጠና የተረዳነው ግን ከደብዳቤያችሁ ነው።»

ከፊት የቆመች አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ማውለቅ የሚፈቀደው መቼ ነው?»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ። ሮዳስ የምትባለው የጎንደር ልጅ ግራ ገባት። «ብርድ ቸገረን ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» ብላ ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አወጣች። አየሁሽ ተወርውራ ነጠቀቻት። በሰማያዊ ብዕር የጻፈችው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በረድ። በላዩ ላይ ቀይ ብዕር ጭረት አሳልፎ «ብርድ» ብሎታል። ከጎኑም፣ «ፊደል ላይ ጥንቃቄ!»

«በረድ! ይኸው በረድ ነው ያልኩት!» እያለች ግቢውን በጩኸት ሞላችው።

መምህር አለምሰገድ ወረቀቱን አየ፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። «እኔ እኮ... የገጠር ልጅ ናት፣ ፊደል ስታ ነው ብዬ...» ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሱ ግን ጠርጥሮ ተመነጠረ። መምህርት ዝናሽ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሹራብ ሁሉ ወደ ሰማይ በረረ።

ሮዳስ ብቻ የወደቀ ሹራብ ከመሬት አንስታ አቧራውን አራገፈች። «ይሄን ሁሉ ሠርተን! አሁን ምን ይሆናል?»

አየሁሽን አሳዘነቻት። በዚያው ቅጽበት ግን የገበያው በረድ ሻጭ ትዝ አላት፤ እንዳይቀልጥበት በጆንያና በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው የሚያመጣው። «ለበረዱ ነዋ!» አለች እየዘለለች። «ሹራቡን በረዱ ይለብሰዋል!»

መምህር አለምሰገድ «ካሳው የኔ ነው» ብሎ፣ የአውቶብሱን ሾፌር ያረጋልን አስነስቶ፣ አርባውን ሹራብ አስጭኖ ወደ ሽንፋ ከተማ ገበያ ወረደ። ከሰዓት በኋላ አውቶብሱ ሲመለስ ኋላ ወንበር ላይ ሹራብ የደረበ፣ በእጅጌዎቹ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ ትልቅ በረድ ተቀምጧል። ከጫፉ እንኳ እምብዛም አልቀለጠም! እልልታው ቀለጠ። ከርከዴው በየሳፋው ተበጠበጠ፣ በረዱ ተፈነካከተ። ሮዳስ ስባሪውን በአየሁሽ ጀርባ ከተተችባት፤ አየሁሽም ብድሯን መለሰች። መምህር አለምሰገድ አንዱን ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ፣ ቅዝቃዜው ግንባሩን ቢወጋው «ወይኔ ግንባሬን!» እያለ ተሽከረከረ።

መምህርት ዝናሽ ብዕሩን ከነወረቀቱ ለአየሁሽ አቀበሏት። «በይ፣ የምስጋናውን ደብዳቤ ጻፊ። ብዕሩም ያንቺው ነው።»

እሷም ተንበርክካ ጻፈች፤ «ስለ ሁሉም እናመሰግናለን። አሁን የቸገረን ብርድ ነው።»

መምህር አለምሰገድ ከትከሻዋ በላይ አነበበና ቀዩን ብዕር ከኪሱ መዘዘ። ቀና ሲል ግን ልጆቹ በረድ ጉንጫቸው ውስጥ ወትፈው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ይስቃሉ። ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ።