ደረጃ የሌለው ጣቢያ

ዓይን ያወጣ ውሸት ሲባል ሰምታ ታውቃለች። ማኅተም ተመትቶበት ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነበር። «ተጠርጣሪው ፖሊስ መትቶ ሊያመልጥ ሲሮጥ ከጣቢያው ደረጃ ወድቆ መንጋጋው ተሰበረ» ይላል ወረቀቱ።

ተጠርጣሪው ልጇ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ መታወቂያ አምጣ ሲሉት «ምን አጠፋሁ?» ከማለት በቀር ያጠፋው የለም። አሁን መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ሾርባ በቀጭን ቱቦ ይመጥጣል። ይህ ወረቀት ከጸደቀ ደግሞ እሱ ወህኒ ይወርዳል፣ የሰበረው ሳጅን ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

ደሟን ያፈላው ግን ደረጃው ነው። የዚያ ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ እሷ ናት! ወለሉን በጉልበቷ ተንበርክካ ነው የምታውቀው። ከመግቢያው እስከ ጓሮው በር ለጥ ያለ ቤት ነው፤ ፎቅ የለው፣ ደረጃ የለው።

በኋላ ገባት። ፖሊሶቹ ድሮ የነበሩበት ሕንፃ ባለ ፎቅ ነበር። እዚያ የተደበደበ ሁሉ «ከደረጃ ወድቆ» ተብሎ ይጻፍለት ነበር። ከተዛወሩ ዓመት አልፏቸዋል፣ ውሸታቸውን ማደስ ግን ማን ትዝ ይበለው! እነዚህ ሰነፎች፣ ለመዋሸት እንኳን ይሰንፋሉ።

ጉዳዩን እንዲመረምር ከበላይ የተላከው አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀርባ አፏን ሞልታ ተናገረች። ሳጅኑ አቋረጣት፤ «ማዘር፣ ተረጋጊ እንጂ።»

«ማዘር አትበለኝ! የአንተ እናት ብሆን ኖሮ ዛሬ ቀና ብዬ አልሄድም ነበር።»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ፣ «ሐሙስ ጠዋት መጥተን በዓይናችን እናያለን» አለች። አይ የዋህነት! ቀን ነግሮ ሌባ ቤት ይኬዳል?

በዚያው ዕለት የጣቢያው አዛዥ አስጠራት። «ደክሞሻል፣ እስከ ሐሙስ እረፊ» አላት። ስንት ዓመት ስትጠርግለት ደከመሽ ወይ ብሏት የማያውቅ ሰው!

ሐሙስ ኮሚቴው እሷንና ሳጅኑን አስከትሎ መጣ። አዛዡ ፈገግ ብሎ በኮሪደሩ መራቸው። «ደረጃው ከጓሮው በር ውጭ ነው፤ እሷ ዘንግታው ይሆናል» አለና በሩን ገፋ። አልከፈት አለ። በትከሻው ገፋ። ወይ ፍንክች!

«ዝጎ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ።

«ሰኞ ቆሻሻ ያወጣሁበት በር በሦስት ቀን ዛገ?» አለች እሷ።

ዞረው በውጭ ሄዱ። ጉድ እኮ ነው! ሦስት እርከን የሲሚንቶ ደረጃ በሩ ላይ ተለጥፎ ቆሟል። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው፤ ደረጃው የበሩን የታችኛውን ክፍል ደፍኖታል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው፣ እንዲጠነክር ያለበሱትን ጆንያ እንኳ አላነሡለትም። ከቤቱ የሚወጣበትም ሆነ የሚወርድበት የለም፤ መውደቂያ ብቻ ነው።

ከኮሚቴው አንዱ ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። እሷ ግን አልሳቀችም። ልጇ ማኘክ አቅቶት እነዚህ ሲሚንቶ ያቦካሉ!

ሰብሳቢዋ እዚያው ቆማ ጻፈች። በልጁ ላይ የቀረበው ክስ እንዲነሣ፣ ሳጅኑ ከሥራ ታግዶ በወንጀል እንዲጠየቅ። ሳጅኑ አንገቱን ደፋ።

አዛዡ ፈጠን ብሎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «ይኸው እውነቱ ወጣ። አንድ ብልሹ ነበረን፣ ተወገደ። እንግዲህ ደስ ይበልሽ።»

እጁን ከትከሻዋ ወረወረችው።

«ልጄን የሰበረውስ እሱ ነው። ይሄን ያስገነባው ማነው? ወረቀቱ ላይ የፈረመው ማነው? እሱ ብቻውን ነው?» ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። በየመስኮቱ ፖሊሶች ብቅ ብቅ አሉ፤ እንዳይቆጧት ኮሚቴው አለ፣ ዝም እንዳይሉ ነገሩ እነሱንም ይነካል።

ሰብሳቢዋ ሊዘጋ የነበረውን ደብተር መልሳ ከፈተች፣ አዲስ ገጽም ገለጠች።

«ሙሉ ስም?» አለች።

አዛዡ ወደ ሳጅኑ ዞረ። «ንገራቸው እንጂ፣ ስምህን።»

«የእሱን ጽፌያለሁ» አለችው ሰብሳቢዋ። «የእርስዎን ነው የጠየቅሁት።»