ከአሰልጣኟ ጎን ያለው ወንበር

የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። ለዋና አሰልጣኟ ረዳትም ባልም ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች፤ አንሺው ያላት የለም።

ዛሬ ግን የስፖርት ክፍል ኃላፊው ቁርጡን ነገራት።

«እስከ ማታ አዲስ ረዳት ካልመረጥሽ እኛው እንመድብልሻለን። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም።»

«ያንተ እንጨት ደግሞ ጭሱ ይበዛል» አለችው። ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበራትም።

ያመለከቱትን ሦስት ሰዎች በልምምድ ጨዋታ ላይ ተራ በተራ አየቻቸው። የመጀመሪያው ስለ ራሱ ሲያወራ ግማሽ ሰዓት አለቀ። ሁለተኛው ተጫዋቾቹ ላይ ሲጮህ ድምፁ ተዘጋ። ሦስተኛዋ፣ አንዲት ዝምተኛ ሴት፣ ቦርሳውን አየት አድርጋ ከወንበሩ ኋላ ቆመች።

ጨዋታው ሲጋጋል አሰልጣኟ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል ወደ ወንበሩ ዘንበል አለችና «ረጅሟ ስንት ፋውል ሆነባት?» ብላ ጠየቀች። ባሏን ስትጠይቅ የኖረችው ነው። ለማን እንደተናገረች ሲገባት አንገቷን ደፋች።

«አራት» አለች ከኋላ የቆመችው ሴት። «አንድ ከደገመች መውጣቷ ነው። ግራ እግሯንም አሟታል፤ እየደበቀችዎት ነው።»

አሰልጣኟ ረጅሟን ልጅ ከሜዳ አስወጣች። ከዚያ ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ነይ፣ ቁጭ በይ» አለቻት። «ቆሞ መቁጠር ያደክማል።»